ጋዋን አልባሹ

ከቴዎድሮስ አደባባይ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው ፎቶ ቤት ተመራቂዎችን ጋዋን የሚያለብሰው ወጣት ሁልጊዜ አንድ ግራጫ ሹራብ ነው የሚለብሰው። የሹራቡ ደረት ላይ መርፌ ቁልፍ ተደርድሯል፤ የሰፋውን ጋዋን ከጀርባ በኩል ሰብሰብ አድርጎ ይይዝበታል። ቆቡን በሁለት ጣቱ ያስተካክልና፣ "ቀና በል ወንድሜ፣ እናትህ ሳሎን የምትሰቅለው ይሄንን ነው" ይላል።

ደንበኛ ሲጠፋ ከባንኮኒው ሥር ሃንዳውቱን ያወጣል። የማታ የአካውንቲንግ ተማሪ ነው፤ አንዱን ዓመት እየተማረ ሌላውን እያቋረጠ ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል።

ከሦስት ዓመት በፊት ፎቶ አንሺው አዲስ መብራት ሊሞክር ጋዋን አልብሶ አንስቶት ነበር። ፎቶው ቢያምርበት ደብረ ብርሃን ከእናታቸው ጋር ለምትኖረው እህቱ ለቀልድ ላከላት። ነገሩ እናቱ ጋ ሲደርስ ቀልድ መሆኑ ቀረ። በትልቁ አሳጥባ ሳሎን ሰቀለችው፤ ጎረቤት ጠርታ ደገሰች። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር "ቢሮ እንዴት ነው?" ትለዋለች።

"ደህና ነው፣ እማዬ" ይላታል፣ በአንድ እጁ የሰው ቆብ እንደያዘ።

ዘንድሮ የምሩን ይመረቃል። በቀደም ፎቶ አንሺው፣ "እናትህ ይመጣሉ አይደል? ቤተሰቡን በነጻ ነው የማነሳው" አለው።

"መንገዱ ይርቅባታል" አለ፣ የአንዷን ተመራቂ ጋዋን ትከሻዋ ላይ እያጠበበ።

ከደብረ ብርሃን በጠዋት የተሳፈረ ሰው ፒያሳ ደርሶ ቁርሱን ይበላል።