ባሌ የተወው ብዕር

ባሌ ወልደ ገብርኤል ክታብ ይጽፍ ነበር። እዚህ ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር፣ የአንድ ባለ ፎቅ ፓላሶ ደረጃ ሲጠርግ ያየው ሰው አያምንም እንጂ፣ አዲስ አበባ እያለን ደጃችን ሰው አይጠፋበትም ነበር። ዓይነ ጥላ የያዘው፣ ልጅ አልቆም ያላት፣ ሙግት የገጠመው፣ ሁሉም «መሪጌታ» እያለ ይመጣል። እኔን ግን ነገሩ አልጥመኝ አለ። በንስሐ አባታችን ፊት አስምዬ ያስተውኩት እኔ ነኝ። የአስማት መጽሐፉንም እሳት ውስጥ የከተትኩት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ብዕር የሚይዘው ለፔርሜሶው፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሲፈርም ብቻ ነው።

የማገለግላቸው ጣልያኖች አገር ለቀው ሲወጡ እኔን ይዘውኝ መጡ፤ እሱም ተከተለኝ። ልጃችን መብራቱ እህቴ መዓዛ ዘንድ ቀረ። ዛሬ ነገ እናመጣዋለን ስንል፣ በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት የመዓዛ ደብዳቤ ደረሰን። መብራቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተመዝግቧል፤ ሊወስዱት ነው።

እንግዲህ ጉዴን ልናገር። ያቺ አስምላ ያስተወችው ሴት በማግስቱ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ሄዳ ሥጋ ሻጩን ለብራና የሚሆን የፍየል ቆዳ ለመነች። ሰውዬው ምን እንዳሰበ እንጃ፣ እየሳቀ ጠቅልሎ ሰጠኝ። በረንዳ ላይ ወጥሬ በቢላ ፋቅሁት። ጎረቤቶቼ «ሲኞራ፣ ምንድነው የሚሸተው?» ሲሉኝ «ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ»፣ ምንም አይደል፣ እያልኩ መፋቄን ቀጠልኩ። አንዴ «እግዚኦ ማረኝ» እላለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ቢላዬን እስላለሁ። ምን እንደነካኝ እኔም አልገባኝም።

ሲደርቅ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ብራናውን ከቀለምና ከብዕር ጋር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ለመብራቱ ጻፍለት። አንድ ጊዜ ብቻ» አልኩት።

«አልጋነሽ፣ አንቺ ነሽ ይሄን የምትይው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ምን ታፈጥብኛለህ? ልጄ ነው።»

«እኔስ ምኑ ነኝ?» አለ።

ከዚያ ብራናውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ደህና አድርገሽ ፍቀሽዋል» አለ። ደስ ሲለው አየሁ። ፈራሁ፤ ደግሞ ደስ አለኝ። ደረጃ ሲጠርግ የጎበጠው ወገቡ ቀና አለ። ብዕሩን ቀለም ነክሮ፣ ዓይኑን ብራናው ላይ ተክሎ፣ በዚያ በድሮ ድምፁ ጠየቀኝ።

«የክርስትና ስሙ?»

«ኃይለ ጊዮርጊስ።»

«የእናቱስ ስም?»

እናቱ እኔ ነኝ፤ የገዛ ስሜን ነው የጠየቀኝ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ያኔ ነው የገባው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«የገዛ ልጄን እኮ እንደ ባለጉዳይ ጠየቅሁሽ» አለ።

ብዕሩን አስቀመጠ። «ከጀመርኩት እዚያው ነው የምመለሰው። ጣፍጦኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ተይኝ በናትሽ።»

ተቆጣሁ። ሰደብኩትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዳይመለስበት ስጠብቀው ኖሬ፣ አሁን ስላልተመለሰበት ሰደብኩት። እሱ ግን «ተነሽ፣ ለልጃችን እንጸልይ» ብሎ ወደ ምሥራቅ ዞረ። አጠገቡ ቆምኩ። እሱ እያለቀሰ አባታችን ሆይ ይላል፣ እኔ መብራቱ አንድ ነገር ቢሆን የማዝነው በእግዚአብሔር ነው ወይስ በባሌ እያልኩ አስባለሁ። ጨርሶ «አሜን በይ እንጂ» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም።