ስንቅ ያለ ሸኚ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ቤት ያከራዩኝ ጋሼ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛና እንደኔው የጎንደር ሰው ነበሩ። ቤተሰቦቼ ወደ እስራኤል ሲሄዱ እኔ አርባ ምንጭ ማስተማሬን ቀጠልኩ፤ ቤተ እስራኤል መሆኔንም ሰፈሩ ሁሉ ያኔ አወቀ። ጋሼ ግን ደስ አላቸው፤ ስለ ኦሪት የሚሟገቱት ሰው አገኙ።

አንድ ቀን በረንዳ ላይ አንድ የኦሪት ሕግ አነሱ። ሜዳ ላይ የተገደለ ሰው ተገኝቶ ገዳዩ ካልታወቀ፣ የቅርቡ ከተማ ሽማግሌዎች እጃቸውን ታጥበው ደሙን እንዳላፈሰሱ ይናገራሉ።

«ሽማግሌዎቹን ማን ጠረጠረና ነው?» አሉ።

እህቴ ከእስራኤል በስልክ የነገረችኝን ነገርኳቸው። የአይሁድ ሊቃውንትም ይህንኑ ጠይቀው ነበር። መልሳቸው፣ ሽማግሌዎቹ ሟቹን ያለ ስንቅና ያለ ሸኚ አላሰናበትነውም ማለታቸው ነው የሚል ነው። እያየ ዝም ያለም ይጠየቃል።

«ይሄማ የኛው ወግ ነው!» ብለው ሳቁ።

የዚያን ዓመት ዝናብ እንዳበቃ የጎረቤታችን ልጅ በትኩሳት ወደቀች። እናትየው «መምህርቷ በላችብኝ» ብላ ጮኸች። ጋሼ ልጅቷን አዝለው ጤና ጣቢያ ሮጡ። ወባ ነበር፤ አርባ ምንጭ ወባ ብርቅ ይመስል! ክኒኑን ውጣ ዳነች። ሰፈሩ ግን «ቡዳዋ ስለተነቃባት ለቀቀቻት» አለ። ብትሞት በላኋት፣ ብትድን ለቀቅኳት።

ጎረቤቶች ግቢያችን ተሰብስበው እንድወጣ ጠየቁ። ጋሼ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ፤ የደም ምርመራውንም ውጤት በጆሯቸው ሰምተዋል። አንድ ቃል ጠበቅኩ። እሳቸው ከዘራቸውን እያዩ ዝም አሉ። ከስድቡ ሁሉ ያ ዝምታ አንጀቴን አቃጠለው።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ፣ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ሰጡኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ያለ ስንቅማ አትሄጂም፣ ልጄ።»

«መናኸሪያ ድረስ አይሸኙኝም፣ ጋሼ?»

ግራ ቀኝ አዩ። ጎረቤቶች በየበራቸው ቆመዋል።

«ጉልበቴን ያመኛል» አሉ።

ብቻዬን ሄድኩ። አውቶቡሱ ጫኖ የምትባል መንደር ላይ ሲቆም አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የገዛችውን ሙዝ አካፈለችኝ፤ እኔም ቋጠሮውን ፈትቼ ዳቦውን ሰጠኋት። ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ለራሴ አንድ ጉርሻ እንኳ አልቆረስኩም። ያ ጉልበት ልጅቷን አዝሎ ጤና ጣቢያ አድርሷል። መናኸሪያው ከጤና ጣቢያው ይቀርባል።