እምነበረዱን ያጠብን ቀን

ሚስቴ ሽንት ቤቱን በአሲድ ስታጥብ ሽታው አፍንጫዬን ይሰነጥቀዋል። ወዲያው ጉለሌ፣ አባቴ መቃብር ላይ ነኝ፤ የሰባት ዓመት ልጅ። እናቴ እንዲህ ያለውን አሲድ እምነበረዱ ላይ አፈሰሰችው። ድንጋዩ ቿ ብሎ ነጭ አረፋ ደፈቀ።

«እየው፣ እድፉ ሲለቅ!» አለች ደስ ብሏት። «ይሄ ጽሑፍ አባትህ ሳይሞት ላንተ ያስጻፈው ቃል ነው። ስታድግ ታነበዋለህ።»

በዚያ የሚያልፉ ቄስ አይተው ጮኹ። «ምነው ልጄ፣ ሰውዬውን ሁለተኛ ገደልሽው!»

የቀለዱ መስሎን ሁለት መሃይሞች ተሳሳቅን።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ማንበብ እንደቻልኩ መጀመሪያ የሄድኩት እዚያው መቃብሩ ጋ ነበር። አሲድ እምነበረድ ይበላል፤ ድንጋዩ ልሙጥ ሆኖ ጠበቀኝ። ምን ይል እንደነበር እናቴን ጠየቅኋት።

«እኔ የት አውቄ ልጄ? አንተ ታነበዋለህ ብዬ እኮ ነው ያጠብኩት» አለችኝ።