ለመኪናው የተረፈው ጸበል

መኪናው አዲስ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን ስጀምር ሰው ሁሉ «አሮጌ ገዝተሽ ይሆናላ» እያለ ስለሚያቋርጠኝ ነው። የመቀመጫው ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሳም ነበር፤ ከሻጮቹ ግቢ ራሴ ነድቼ ያወጣሁት ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ነው። ሥራዬ የአሉሚኒየም በርና መስኮት መግጠም ስለሆነ ዕቃ መጫኛ ያስፈልገኛል። እውነቱን ለመናገር ግን የገዛሁት ለእናቴ ነው።

የእናቴ ኩላሊቶች ሥራቸውን ካቆሙ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ ቡልቡላ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ተነስተን፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ወዳለ ሆስፒታል ለእጥበት እንሄዳለን። ማሽኑ ጥቂት፣ ታማሚው ብዙ ነው። ሰዓቱን ያሳለፈ ሰው ተራው ለሌላ ይሰጥና እስከሚቀጥለው ቀጠሮ መርዙን በሰውነቱ ተሸክሞ ይቆያል። መኪናው ከመገዛቱ በፊት በሚኒባስ ስንጋፋ፣ በስልክ የጠራነው ታክሲም ቡልቡላ መሆናችንን ሲሰማ እየሰረዘብን ከርመናል። ስለዚህ መኪናው ለእኛ ጌጥ አልነበረም። እናቴን በሰዓቷ ማሽኑ ላይ እንዲያደርስልን የገዛነው ነው።

በገዛሁት በማግስቱ ሁለት ነገር ተደረገ። ጠዋት እኔ ሃያ ሁለት ወዳለ አንድ የመኪና ዲኮር ቤት ሄጄ ጂፒኤስና ሞተር ማጥፊያ አስገጠምኩ፤ ሌባ ቢወስደው ከስልኬ ሆኜ ሞተሩን አጠፋበታለሁ ማለት ነው። በሸገር አዲስ መኪና ገዝቶ ይህን ሳያስገጥም የሚያድር ሞኝ የለም። ደንበኞቼም የግቢያችን ጥበቃም ሲወተውቱኝ ነበር የሰነበቱት። ሻጮቹ ግን ከእነሱ ባለሙያ ሌላ ሰው ሽቦውን ከነካ ዋስትናው እንደሚሰረዝ የሚገልጽ ወረቀት አስፈርመውኛል። ፈረምኩ፤ ሄጄም አስነካሁ። ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል፤ ሲጠየቅ ደግሞ አልነካሁም ይላል።

ከሰዓት በኋላ እናቴ የንስሐ አባታችንን አስጠራች። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ኮፈኑን፣ ጎማዎቹንና ጋቢናውን ጸበል ረጩልን። ጎረቤቶች ከየፎቁ ወርደው የደስታ ያድርግላችሁ አሉን። እስከዚህ ድረስ የማንም አዲስ መኪና የሚያልፍበት ወግ ነው። የእኛ የተለየው ቄሱ ከሄዱ በኋላ ነው።

እናቴ ውሃ እንደ ልቧ አትጠጣም። የቀን ድርሻዋ በትንሽ ብርጭቆ ተለክቶ የሚሰጣት ነው፤ ከዚያ ካለፈች እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ሰው በየሳምንቱ የሚያመጣላትን ጸበል ሐኪሙ ከልክሏታል፤ እሷ ደግሞ ጸበል መድፋት አይሆንላትም። ስለዚህ ጠርሙሶቹ ቁምሳጥኑ ላይ ተደርድረው ያዩአት ነበር። የዚያን ቀን አንዱን ይዛ ወረደችና ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከእፍኟ ዳሽቦርዱ ላይ ረጨች።

«እኔ ካልጠጣሁት መኪናው ይጠጣልኝ» አለች።

ሳቀች። እጥበት ከጀመረች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ከዚያ በኋላ በየጉዞው ጠዋት ልማዷ ሆነ፤ ትረጫለች፣ ታማትባለች፣ እኔ ጠብታውን በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ እንሄዳለን። አንዳንዱ ጠብታ በአየር መውጫው ቀዳዳ ሲገባ አያለሁ። አልከለከልኳትም፤ ሳቋ ይበልጥብኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ቦሌ ሚካኤል ጋ ስንደርስ የዳሽቦርዱ መብራት በሙሉ በአንዴ በራ፤ መሪው ደረቀ፤ ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክሱን ለቀቀብን። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳ። በሁለተኛው ቀን ደገመው። የሻጮቹ ጋራዥ ወሰድኩት፤ ላፕቶፕ ሰኩበት፣ ስህተቱን አጥፍተነዋል አሉኝ። በሳምንቱ ተመለስኩ፤ ሶፍትዌሩን አድሰነዋል አሉኝ። መኪናው እነሱ ፊት ሲቀርብ እንግዳ እንዳየ ልጅ ጭምት ይላል፤ እናቴን ስጭን ነው የሚያብደው። ጎረቤቶቻችን ዓይን ነው አሉ። እኔ ሻጮቹን ነበር የምራገመው። ዋስትና ተብዬው የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሆነብኝ።

አንድ ሐሙስ ቀለበት መንገድ ላይ ጠፍቶ ጭራሽ አልነሳ አለ። ዝናብ ነበር። የትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ዳር አስገፋን። የሚያልፍ ታክሲ ሁሉ ሰው ጭኗል፤ የጠራነውም አልደርስ አለ። እናቴ ሰዓቷን እያየች «ይደርሳል፣ ይደርሳል» ትላለች፤ ለማን እንደምትል አላውቅም። በስንት ጊዜ ታክሲ አግኝተን ሆስፒታሉ ስንደርስ ማሽኗ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። ነርሷ በትህትና ቅዳሜ ኑ አለችን። እናቴ ግድ የለም ብላ ወጣች። ኮሪደሩ መጨረሻ ሳትደርስ ግን ግድግዳ ይዛ ቆመች።

አርብ ጠዋት መኪናውን አስጎትቼ ጋራዡ በር ላይ ለጠብ ተዘጋጅቼ ቆምኩ። የወጡት ባለሙያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ጩኸቴን እስክጨርስ ጠብቀው ሁለት ነገር ጠየቁኝ።

«ውስጡ ውሃ ገብቶበት ያውቃል? ከውጭ ያስገጠሙት ነገርስ አለ?»

ለመጀመሪያው እናቴ ጸበል እንደምትረጭበት ነገርኳቸው። ለሁለተኛው ምንም የለም አልኩ። ከመናገሬ በፊት ትንሽ እንኳ አላሰብኩም። ዋስትናውን ላለማጣት የምመልሰው ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። እሳቸው ውሃ ለኤሌክትሮኒክስ ደግ አይደለም፣ እስቲ አድርቀን እንየው አሉ። ያሉት ይኸው ብቻ ነው። የቀረውን እኔ ጨመርኩበት።

ቤት ስገባ እናቴ ያበጡ እግሮቿን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። ከተደገፈችው ትራስ ቀና ብላ ምን አሉሽ አለችኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን ያወቅሁት ይመስለኛል፤ እያወቅሁ ለቀቅሁት።

«ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፣ እማዬ። ተራሽን ያሳለፈብሽ የገዛ ውሃሽ ነው።»

እጇን ገልብጣ መዳፏን አየችው፤ ከዚያ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ስንወርድ ጠርሙሱ አልተያዘም። የፊቱን በር ከፍቼ ስጠብቃት አለፈችኝና ከኋላ ገባች። ለምን ስላት ትንሽ ጋደም እንድል ነው አለች። አልጋደመችም። እስከ ሃያ ሁለት ድረስ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ቀጥ እንዳለች ሄደች።

ቀጥሎ ለሁለት ሳምንት መኪናው አንዴም አልጠፋም። መናገር ያሳፍረኛል፤ ደስ አለኝ። እናቴ ደህና ስለደረሰች ብቻ አይደለም፤ ልክ ስለነበርኩም ነው። አንድ ሁለቴ «አየሽ?» ሳልላት አልቀረሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ እሷን ሆስፒታል አድርሼ የመስኮት ፍሬም ጭኜ ስመለስ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ጠፋ። መኪናው ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። ክላክሱ ከኋላዬ እየጮኸ መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው ከመሪው ሥር ያስገጠምኩት ሞተር ማጥፊያ ትዝ ያለኝ፤ ወይም አውቀው የነበረውን ነገር ለራሴ ያመንኩት።

ጋራዥ ሄጄ ለሰውየው እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ከመሪው ሥር ያለውን ክዳን ፈትተው የክብሪት ሳጥን የምታክል ጥቁር ነገር አወጡ። ገመዶቿ ሳይበየዱ እንዲሁ ተጠማዘው በፕላስተር ተጠቅልለዋል፤ ፕላስተሩ በሙቀት ለቋል። ሞተሩን አስነስተው ገመዷን በጣታቸው ነካ አደረጓት። መብራቱ ሁሉ በራ፤ ሞተሩ ጠፋ። አስነስተው ደገሙት። ከዚያ ባትሪ አብርተው ውስጡን አሳዩኝ፤ አቧራ ብቻ ነው። ውሃ የነካው አንድም ነገር እንደሌለ ነገሩኝ። ሳጥኗን ቆርጠው በእጄ ሰጡኝ፤ ዋስትናው መሰረዙንም ጻፉልኝ። ፈረምኩ። መኪናው ከዚያ ቀን ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ተመለስኩ። እናቴ በቱቦዎቹ ተይዛ ጣሪያውን ታያለች። ወንበር ስቤ ሳጥኗን አልጋው ላይ አስቀመጥኩላትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ዲኮር ቤቱን፣ ወረቀቱን፣ ለሰውየው መዋሸቴን። ይቅር በይኝ አልኳት። ባልታሰረው እጇ ጉንጬን ነካችኝ።

«ተይ ልጄ» አለችኝ። «ለእኔ ብለሽ ነው።»

እማዬ እውነቴን ነው አልኳት።

«የደሜ ምርመራ ውጤት ደህና ነው ስትዪኝም እንደዚሁ ነበር የምትምዪልኝ።»

ውጤቱ በከፋ ቁጥር እየሳቅሁ ተሻሽሏል ስላት ኖሬያለሁ። ለካ አላመነችኝም፤ ደስ ይበላት ብላ ዝም ስትል ያመነች መስሎኝ ነበር። ስቆጣ ያልኳትን ግን አመነችው፤ ሰው ሲቆጣ አይዋሽም ብላ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ከቁምሳጥኑ ላይ ጠርሙሱን ራሴ አውርጄ መኪናው ድረስ ይዤላት ወረድኩ። ርጪ አልኳት። ዛሬ ይቅር አለች። እሺ እኔ እረጫለሁ ብዬ ክዳኑን ስከፍት ከኋላ ወንበር ዘላ እጄን ያዘችው። ያ አቅም ከየት እንደመጣላት አላውቅም።

«ተይ፣ እባክሽ። እንዳይጠፋብን።»

ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት። ጠርሙሱ አሁን ቁምሳጥኑ ላይ ነው፤ አትጠጣውም፣ አትደፋውም፣ አትረጨውም።

አሁንም ከኋላ ነው የምትቀመጠው። መጀመሪያ ሰሞን መስኮት መክፈት ስትፈልግ ቁልፉን እያየች «ይህን ብጫነው ምንም አይሆንም?» ትለኝ ነበር። ምንም አይሆንም፣ የራስሽ መኪና ነው እላታለሁ። እየቆየች መጠየቁንም ተወችው።

ባለፈው ቅዳሜ ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ ቦሌ መንገዱ ተዘግቶ ለረጅም ጊዜ ቆመናል። በመስታወቱ ሳያት ላብ በአንገቷ ይወርዳል፤ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ታራግባለች። የመስኮቱ ቁልፍ ከጣቷ አንድ ስንዝር አይርቅም። እስክትጫነው ጠበቅሁ። መንገዱ ተከፈተ፣ ሄድን፣ ደግሞ ቆምን። አልተጫነችውም። በመጨረሻ ከእኔ በኩል ሆኜ አወረድኩላት። ነፋሱ ሲገባ ዓይኗን ጨፈነች። ድሮ ተባረኪ ትለኝ ነበር።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ፤ ለታክሲ ሾፌሮች የምትለውን።