በማዳበሪያ የተጓዘ እግር

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ታላቅ ወንድሜን ሰይድን ይዤ ከወረታ ተነሣሁ። ሰይድ ግራ እግሩን ጦርነት ላይ አጥቶ በጡረታ የሚኖር ወታደር ነው። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ የሚያድሩት በዚያችው ጡረታ ነው። አሁን ባሕር ዳር ያለው የሐኪሞች ቦርድ እንደገና ሊያየው በደብዳቤ ጠራው። ለምን እንደገና? የተቆረጠ እግር መቼም አይበቅልም። ነገሩ አልጣመኝም።

የሱቅ ጎረቤቴ ደግሞ፣ ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው ጡረታው ይቋረጥበታል አለችኝ። ሰው ሠራሽ እግሩን አስወልቄ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትሁና በክራንች አስነሣሁት። እሱማ እምቢ ብሎ ነበር፤ የልጆቹን ነገር ሳነሣበት ክራንቹን አነሣ። እኔ ጨርቅ ስሸጥ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ አልሁት።

ሚኒባሱ የሩዙን ማሳ እየሰነጠቀ ሲሄድ፣ ፊት ለፊቴ ጋቢ የለበሰ ሰውዬ ዓይኑን ከማዳበሪያዬ አልነቀለም። እሱም የታሰረ ማዳበሪያ ጭኑ ላይ ይዟል። ሌባ ነው ብዬ ደመደምሁ። የዓባይን ድልድይ ስንሻገር ቋጠሮውን እጄ ላይ ጠመጠምሁት።

ባሕር ዳር ሁለት ሰዓት ገባን። ባጃጁ ሁለት መቶ ብር ሲለኝ ስከራከር ሰይድ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው መሐል ክራንቹ አዳለጠውና ወደቀ፤ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች አነሡት። እኔ ግን ቋጠሮውን አልፈታሁም።

ኮሪደሩ ላይ ሦስት አራት ባለ ክራንቾች ተቀምጠዋል፤ የእያንዳንዱ ሚስት ወይም እህት ጭን ላይ ማዳበሪያ አለ። የሚኒባሱ ሰውዬም እዚያው ነው። ጋቢው ሲገለጥ ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም፤ ከማዳበሪያው አፍ የፕላስቲክ ጣቶች ብቅ ብለዋል። ወላሂ አፈርሁ። ሁላችንም በጎሪጥ ተያየን።

ተራችን ደርሶ ስንገባ ሐኪሙ ፋይሉን ገለጠና ሰይድን ጠየቀው።

«ሰው ሠራሽ እግር ተሰጥቶዎት ነበር። የት አለ?»

ተሰበረ ልል አፌን ስከፍት ሰይድ ቀደመኝ።

«እህቴ በያዘችው ማዳበሪያ ውስጥ ነው።»

ሐኪሙ አልሳቀም። የጠራንዎት እግሩ አልቆ እንደሆነ ልንቀይርልዎት ነው፣ መራመድዎ ጡረታዎን አይነካውም፣ ደብዳቤውም ላይ ተጽፏል ሲል በትሕትና አስረዳው። ለካ ማንንም አላምንም የምል ሴት ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ሳላነብ ጎረቤቴን አምኛለሁ።

ሰይድ እዚያው ቁጭ ብሎ እግሩን አሰረ። ቀና ብሎም አላየኝ።

«ዘሃራ፣ ጦር ሜዳ ላይ እንኳ እንዲህ አልተዋረድሁም» አለኝ በቀስታ።

ሰይድ በእግሩ ሲወጣ ያ ባለ ጋቢ ሰውዬ አየው፤ የራሱንም ቋጠሮ በአንድ እጁና በጥርሱ መታገል ጀመረ። ሄጄ ፈታሁለት።

ከዚያ ሰይድ ጣና ዳር በእግሬ ካልሄድሁ አለ። የተጠበሰ ቀረሶ በላን፤ ዓሣው ትኩስ መሆኑን ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። ባዶውን ማዳበሪያ አጥፌ ይዤ ከኋላው ከኋላው ስከተል ዋልሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወረታ ገባን።

ጡረታው እንደወትሮው መጣ፤ አልሐምዱሊላህ። ሰይድ ግን ዱሮ በር ጥግ የሚያቆመውን እግሩን ዛሬ ራስጌው ሥር አድርጎ እንደሚተኛ ሚስቱ ነገረችኝ። ምነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለኝ።