የጎተራው ቁልፍ

ባሌ በሕይወቱ የጻፈው አንድ ድራማ ብቻ ነው። ከደብተር በተገነጠሉ አምስት ወረቀቶች ላይ፣ ተኝቶ፣ በእርሳስ ጻፈው። ወረቀቶቹ ዛሬም እኔ ዘንድ አሉ። እርሳሱ ስለደበዘዘ ግማሹን የማነበው ከወረቀቱ ሳይሆን ከትዝታዬ ነው።

ሐርጌሳ የመጣነው ለሥራ ነበር። ከተማዋ በፊተኛው ጦርነት ፈርሳ ስለነበር ግንበኛ ይፈለግ ነበር። ባሌ ይገነባል፤ እኔ ለሠራተኞቹ አበስላለሁ። የምንኖረው ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር፣ ተሠርቶ ባላለቀ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከሌሎች ያገራችን ልጆች ጋር ነበር። ከዚያ ሌላ ጦርነት ተነሣ፤ ያሁኑ ደግሞ የአገሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ነበር። የቤቱ ባለቤት ቤተሰቡን ይዞ ሲወጣ ለፎርማናችን ሁለት ነገር አደራ ሰጠው፤ በቅርቡ የተሞላውን የኮንክሪት ጣሪያ፣ እኛ ሶሌታ የምንለውን፣ እና የበርካዱን ቁልፍ። በርካድ እዚህ አገር የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በመሬት ውስጥ የተቆፈረ ማጠራቀሚያ ነው።

ፎርማኑ የአገራችን ሰው ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠን ጋሼ እንለዋለን። ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው። በየማለዳው በርካዱን ይከፍትና ለአንድ ክፍል ሁለት ጣሳ ውሃ ይሰፍራል። ከዚያ ሁለት ባልዲ ሞልቶ መሰላሉን ይወጣና ሶሌታውን ያጠጣል። አዲስ ሶሌታ ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ወር አለፈው፤ ጋሼ ማጠጣቱን አልተወም።

ሁለት ጣሳ ስላልበቃን የደረቀውን ወንዝ አሸዋ እየቆፈርን እንቀዳ ነበር። ባሌን ሆዱን የያዘው ያ ውሃ ነው። ዳሚ ሰፈር የቀረች አንዲት ነርስ አየችውና «ንጹሕ ውሃ፣ አፍልተሽ፣ የቻለውን ያህል። ሌላ የምሰጥሽ መድኃኒት የለኝም» አለችኝ። በዚያው ሰሞን ወደ ወንዙ መውረድ በተኩስ ምክንያት ቀረ። የውሃ ቦቴዎቹም ከመጡ ሰንብተዋል። ባሌ መኪና ላይ መቀመጥ ስለማይችል መሸሽ አልቻልንም። የቀረው በርካዱ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ለበሽተኛ እኮ ነው» አልኩት።

«እኅቴ፣ ለአንዱ ከጨመርኩ ለሁሉም ልጨምር ነው። ጦርነቱ ነገ ያልቃል ያለሽ ማነው?»

«ሶሌታውስ?»

«ሶሌታው አደራ ነው።»

ይህን ለባሌ ስነግረው ከንፈሩ እስኪሰነጠቅ ሳቀ። «ምነው ሶሌታ አድርጎ በፈጠረኝ!» አለ። ወዲያው እርሳስ ስጪኝ አለኝ። የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር።

ድራማው ስለ አንድ ንፉግ ሰው ነው። ጎተራው ሙሉ ነው፤ አገሩ ተርቧል። በገና ዋዜማ አንዲት ሴት ለልጇ እፍኝ እህል ትለምነዋለች፤ ያባርራታል። በገና ዕለት ግን ልቡ ይመለስና የጎተራውን ቁልፍ አንሥቶ ይሰጣታል። ባሌ ውሃውን እህል ያደረገው ጋሼ እንዳይነቃ ነው። «ብንነግረው አልሰማም። እስቲ ራሱ በአፉ ይበለው» አለኝ።

ንፉጉን እንዲሠራ መለመን አላስፈለገንም። ወረቀቱ ሲነበብ ጋሼ ራሱ ተነሣ። «ይሄን ለኔ ተዉት፤ እናንተ ድምፅ የላችሁም።»

«ጋሼ፣ ለአንተ ልምምድም አያስፈልግህም» አለው ከግንበኞቹ አንዱ። ሁሉም ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ያኔ ነበር መፍራት የነበረብኝ።

በገና ቀን ጠዋት ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ጸለይን። ከሰዓት በኋላ፣ ተኩሱ ጋብ ሲል፣ ከሶሌታው ሥር ተሰበሰብን። ባሌን ከነፍራሹ ተሸክመው ከምሰሶው አጠገብ አስተኙት። ጠዋት የጠጣው ሶሌታ ከጫፉ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ባሌ ጠብታውን በዓይኑ ሲከተል አየሁት። ጎረቤታችን፣ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሊት ባልቴት፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ ታያለች። ለማኟ ሴት እኔ ነበርኩ።

ጋሼ ድንቅ አድርጎ ሠራ፤ ይህን አልክድም። ስለምነው የሰደበኝ ስድብ ወረቀቱ ላይ ያልነበረ፣ ከራሱ ያመጣው ነበር። ልቡ የሚመለስበት ቦታ ሲደርስ ተንበረከከ። አለቀሰ። እንባው የውሸት አልነበረም፤ በጺሙ ላይ ሲወርድ በቅርብ አይቻለሁ። ለጎተራው ሌላ ቁልፍ ስላልነበረን ማተቡን ፈታና የበርካዱን ቁልፍ አወጣ። «ጎተራዬ ሞልቶ ቤቴ ባዶ ነበር። እንኪ፤ ከእንግዲህ ቁልፉ ያንቺ ነው» ብሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ደረቱ ላይ ስለዋለ ይሞቅ ነበር። ባሌ ቃሉን በከንፈሩ እየተከተለ የሚያየው እሱን ሳይሆን እኔን ነበር።

ተጨበጨበ። አንዳንዶቹም አለቀሱ። ጋሼን እየሳሙ እንኳን አደረሰህ አሉት። እሱም እንባውን ጠራርጎ ወደ እኔ መጣና እጁን ዘረጋ።

«ቁልፌን።»

ሰጠሁት። ለታላቅ ሰው እንደሚሰጠው፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ ሰጠሁት።

«አንቺ!» አለች ባልቴቷ ከአጥሩ ላይ። «እጅሽ ገብቶ አልነበረም እንዴ? ለምን መለስሽለት?»

«ድራማው አልቋል እኮ፣ እማማ።»

«ወላሂ፣ እኔ ብሆን ሮጬ ነበር የምከፍተው!» ገብታ ከራሷ ውሃ አንድ ኩባያ አቀበለችኝ። ለእሷም ብዙ አልነበራትም።

ባሌ «ጥሩ ሠራሽ» አለኝ። ድራማውን ማለቱ ነው ብዬ ዛሬም ራሴን አሳምናለሁ።

በማግስቱ ማለዳ ጋሼ ዓይኑ አብጦ ነበር። «ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባልሽ ትልቅ ሰው ነው፤ ውስጤን ነው የነካው» አለኝ። ይህን እያለ ሁለት ጣሳ ሰፈረልኝና ባልዲዎቹን ይዞ መሰላሉን ወጣ።

ጥምቀት ሳይደርስ ባሌ ሞተ።

ያን ቀን ጋሼ በርካዱን ሳንጠይቀው ከፈተ። ለሬሳው ማጠቢያ ውሃ ራሱ ቀዳ፤ ባልዲ በባልዲ፣ ሳይሰፍር። «ውሰጂ እኅቴ፤ ለእሱ ምን ይሰሰታል» እያለ ያለቅሳል። ጎንበስ ብዬ ወደ በርካዱ አየሁ። ውሃው ከሰው ወገብ በላይ ነበር። ባሌን በዚያ ውሃ አጠቡት፤ ግቢው ጭቃ ሆነ።

ሰዎቹ ሬሳውን ሲገንዙ ጋሼ ወደ እኔ ጠጋ አለና መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ያን ቀን ቁልፉን አልመልስም ብትይኝ ኖሮ፣ በሰው ፊት ደግሜ አልጠይቅሽም ነበር።»

 

ጦርነቱ አበቃ። የቤቱ ባለቤት ተመልሶ ቤቱን ጨረሰው፤ በሶሌታው ላይ ሌላ ፎቅ ተሠርቶበታል። እኔ ባሌ የተቀበረበትን ከተማ ትቼ አልሄድኩም። በዚያ መንገድ ሳልፍ፣ የግንበኛ ሚስት ነበርኩና፣ ቀና ብዬ ሶሌታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አያለሁ። አንድም ስንጥቅ የለበትም።