የተቀመጠው ሰልፍ

ስለ ራሴ አስቀድሜ እኔው ልናገር፤ ሌላ ሰው ከተናገረልኝ ያሳንሰዋል። የተማሪ ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት በአጎቴ የዳዊት መጽሐፍ ላይ ጣቴን እየሰደድሁ ነው። ቁጥርንና መካኒክነትን ያወቅሁት ደግሞ ባሕር ዳር ፋብሪካ ከተቀጠርሁ በኋላ፣ ከራሳቸው ከማሽኖቹ ነው። የሽመና ማሽን ሲንገጫገጭ ከሩቅ ሰምቼ የቱ ጥርሱ እንደተበላ እናገር ነበር። በዚያ ፋብሪካ እኔን የማያውቅ ሠራተኛ ካለ እሱ ገና የተቀጠረ ነው።

ቀኝ እግሬን በሕፃንነቴ የልጅነት ልምሻ ስለመታኝ በምርኩዝ ነው የምሄደው። በመሄድ የሚቀድመኝ ግን ብዙ ሰው አልነበረም። ጠላቴ መቆም ነው። አንድ ቦታ ከቆምሁ ደህናው እግሬ የሁለቱንም ሸክም ይይዝና ይደነዝዛል፤ ከዚያ ሳላስበው እወድቃለሁ። በደርግ ጊዜ ደግሞ ኑሮ ማለት መቆም ነበር። ስኳር በሰልፍ፣ ሳሙና በሰልፍ፣ ላምባ በሰልፍ። ደግነቱ በቀበሌው ሱቅ በር ሰው በራሱ ፈንታ ድንጋይ ያሰልፍ ነበር። ድንጋይህን በተራህ ታስቀምጣለህ፣ ወደ ጉዳይህ ትሄዳለህ፣ ሱቁ ሲከፈት መጥተህ ከድንጋይህ አጠገብ ትቆማለህ። የሌላውን ድንጋይ የሚነካ አልነበረም። የኔ ከሐይቁ ዳር የመረጥሁት ነጭ መቀነት ያለው ጥቁር ድንጋይ ነበር። ባለሱቁ እንኳ ሳልመጣ ስቀር ድንጋዩን «ጌታህ ደህና ነው ወይ?» ይለው ነበር አሉ።

የባለቤቴ ሕመም ግን እንደኔ አይታይም። ልቧ ነበር የታመመው። ሲያዩዋት ደልደል ያለች፣ ፊቷ የፈካ፣ እንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ የምትመስል ሴት ናት። ፀሐይ ላይ ጥቂት ስትቆም ግን ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ከሐኪሙና ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እንዲታወቅም አትፈልግም። ሰው ከንፈር እየመጠጠላት መኖርን ከበሽታው አብልጣ ትጠላው ነበር።

የተወለደችው ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሟን ዓባይ ሲሻገር ወስዶባታል። እኔን አግብታ ባሕር ዳር ስትመጣ ወንዙ ከጣና የሚወጣው እዚሁ መሆኑን ሰማች፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ የሚነሣበትን እንዳሳያት። ከድልድዩ ላይ ወስጄ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ ተመለከተችና ይሄ አድጎ የጨረሰ ነው፣ እኔ ከሐይቁ ሲለይ ነው ማየት የምፈልግ አለች። በደንገል ታንኳ እንዳልወስዳት እግሬ አይታጠፍም፤ ተንገዳግዶ ሁላችንንም ይገለብጠናል ብሎ ስለሚፈራ የሚጭነኝ ባለታንኳ አልነበረም።

ታዲያ አንድ የበዓል እሑድ ሠራተኛው ከነቤተሰቡ በሞተር ጀልባ ሐይቁን እንዲጎበኝ ተፈቀደ ተባለ። ለዚያች ቀን ብቻ። ካፒቴኑም ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጀልባውን እንደማያወጣ አስቀድሞ ተናግሯል። ተራው ያልደረሰው ቀረ ማለት ነው።

በማለዳ ደረስን። ሰልፉ ግን ከእኛ ቀድሞ ከወደቡ በር አንሥቶ በሐይቁ ዳር ተዘርግቷል። ብዙዎቹ እንደ ቀበሌው ሱቅ መስሏቸው ድንጋይ አስቀምጠዋል፤ እኔም ድንጋዬን ከቤት ይዤ ነበርና በተራዬ አኖርሁት። ጠብመንጃ ያነገተ አንድ ጎልማሳ አብዮት ጥበቃ መጣና ድንጋዮቹን በጫማው እየገፋ ከመስመር አወጣቸው።

«ጀልባው የሚጭነው ሰው ነው» አለ። «ጓድ ድንጋይ የት ሊሄድ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥሩ ቀልድ ከጠላትም ቢመጣ አውቀዋለሁ። ሰውየው ምርኩዜን ሲያይ ፊቱ ለዘብ አለና ወደ ፊት እንዳልፍ ነገረኝ። ከባለቤቴ ጋር መሆኔን ስነግረው ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«እሷማ ጤነኛ ናት፤ ትሰለፍ። እግር የጎደለህ አንተ ነህ።»

ወደ እሷ ዞርሁ። እንዳትናገር ስትል ራሷን በጥቂቱ ነቀነቀች። ከኋላችን የነበረች ድምፅዋ ጎላ ያለ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ደግሞ ጣልቃ ገባች።

«ሂድ እንጂ አንተ ሰው። እግዜር ያጎደለብህን መንግሥት ሲሞላልህ ምን ትሽኮረመማለህ?»

«ዓባይን ብቻዬን ለማየት አላገባሁም» አልኋትና ተራዬ ላይ ቆምሁ።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። ጀልባው አንዴ ጭኖ ሄዷል፤ ሰልፉ ገና ብዙ ነው። የኔ እግር መደንዘዝ ጀመረ፤ እሱ ግድ የለኝም። የባለቤቴ ከንፈር ጠርዙ ሲጠቁር ግን አየሁ። ከሰልፉ ትንሽ ራቅ ብሎ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ጥላው ሁላችንንም ይበቃል። እሷን ብቻዋን ብልካት ለምን ይባላል፤ ምሥጢሯ ይወጣል። ተራዋንም ታጣለች። እንግዲህ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ሰልፉን በሙሉ ጥላ ሥር ማግባት።

ሐሳቡን ከሽመና ማሽን ወሰድሁት። በማሽን ላይ ድሩ አልፎ አልፎ ይበጠሳል። የተበጠሰውን ክር ቦታ የምናገኘው ከጎኑ ባለው ጎረቤቱ ነው። ሰውስ ለምን እንዲህ አይሆንም አልሁና ምርኩዜን መሬት ላይ መትቼ ተናገርሁ። የምንጠብቀው መሬቱን አይደለም፤ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ሰው መልኩን ይያዝ፣ ከዚያ ሁላችን ሄደን እንቀመጥ፤ ጀልባው ሲመጣ ሁሉም የያዘውን ሰው ይከተል አልኋቸው።

ከፊታችን በአንድ የደሴት ገዳም የሚያገለግሉ ሽማግሌ ቄስ፣ የአንድ ሠራተኛ አባት፣ ነበሩ። «ልጄ፣ እኔ ከፊቴ ያለውን ሰው የማየው ጀርባውን ነው» አሉኝ።

«እንግዲያው ጀርባውን ይያዙ አባ።»

አብዮት ጥበቃው ሰልፍ ማለት መቆም ነው ብሎ ተቆጣ። ሰፊው ሕዝብ ተቀምጦ ቢሰለፍ አብዮቱ ምን ይጎድልበታል አልሁት። ይህን ሲሰማ ትንሽ አሰበና ጣቱን ቀሰረብኝ።

«ስትነሡ ከተደባለቃችሁ አንድም ሰው አላስገባም። አሁን እየመጡ ካሉት ኋላ ትሰለፋላችሁ።»

ከዚያ ኋላ መሰለፍ መቅረት ነው። የፈትል ክፍሏ ሴት ይህን ሁሉ ሰው ይዘህ እንዳትሰጥም ብላ አስጠነቀቀችኝ። እሷ ራሷ ግን ቀድማ ወደ ጥላው ሄደች።

ከዋርካው ሥር ቄሱ ግዮን ጣናን አቋርጦ ሲያልፍ ከሐይቁ ውኃ ጋር እንደማይደባለቅ ይነግሩን ጀመር። እኔ ውኃ ከውኃ እንዴት ሳይደባለቅ ያልፋል ብዬ ተከራከርሁ። ባለቤቴ ግንዱን ተደግፋ ታዳምጣለች። ትንፋሿ ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ የከንፈሯም ቀለም። እንዲያውም በክርክሩ የፈረደችው ለቄሱ ነው።

ጀልባው ጮኸ። ዘግይተው የመጡት በወደቡ በር ላይ ቆመው ይገፋፋሉ፤ አብዮት ጥበቃው እጁን ዘርግቶ አግዷቸው ወደ እኛ ያያል። ያኔ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከጥላው የመጀመሪያው ሰው ተነሣ፤ እሱን የያዘው ተነሣ፤ ከዚያ ቀጣዩ። ማንም ማንንም ሳይጠራ፣ ሳይገፋ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በሽመናው ማበጠሪያ ውስጥ እንደሚያልፍ ክር እየተከታተለ ወጣ። ብዙ ዓመት ከማሽን ጋር ኖሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ግን አላየሁም።

መሐል ላይ ተበጠሰ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ከፊቴ የነበረው ሰውዬ የለም ብላ ቆመች። ሰውየው ታክቶት ወደ ቤቱ ሄዷል። ከእሷ ኋላ ያሉት ሁሉ፣ እኛም ጭምር፣ ከዋርካው ሥር ቀረን። አብዮት ጥበቃው ወደ እኛ መራመድ ጀመረ። እኔ ግን የተበጠሰ ክር እንዴት እንደሚቀጠል አውቃለሁ። ወደ ወጣው ሰልፍ ዞሬ «ከኋላው ተከታይ ያጣ እጁን ያውጣ» አልሁ። አንድ ሰው ከፊት እጁን አወጣ። «በይ እኅቴ፣ ያዥው» አልኋት። ተከተለችው፤ ሰልፉም ፈሰሰ። አብዮት ጥበቃው ከኛ ጎን ጎን እየሄደ ሲያየን ቆየና ዘግይተው የመጡትን ወደ ኋላ መለሳቸው።

መሳፈሪያው ሳንቃ ጠባብ ነበር። እኔ ተቀምጬ በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅሁ ገባሁ፤ የፈትል ክፍሏ ሴት ሰልፉን ሲያስቀምጥ ውሎ ራሱም መነሣት አቃተው አለች። ባለቤቴ የሳቋን ያህል አልደከመችም፤ ስለሳቀች ቀስ ብላ መራመዷን ማንም ልብ አላለም።

ከዚያ ውኃው። በዳሩ ስኖር አውቀዋለሁ ብዬ ነበር፤ አላውቀውም ነበር። ከመሐሉ ሲያዩት ወዲያ ማዶ የለውም፣ ሰማዩ ላይ ይሄድና እዚያው ይቀራል። ይብራ የሚባሉት የውኃ ወፎች ደመና ቀደው እንደጣሉት ነጭ ሆነው ተንሳፍፈዋል። ከደንገሉ አጠገብ አንድ ጉማሬ ብቅ ብሎ ተነፈሰና ተመለሰ።

ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋ። ነፋስ የለም፣ የሚቀዝፍ የለም። ጀልባው ግን በራሱ ቀስ ብሎ ወደ ድልድዩ አቅጣጫ መሄድ ጀመረ። ድምፅ የለም፣ መስመር የለም፣ ሐይቁ እዚህ አበቃ የሚል ምልክት የለም። አንድ ነገር ከሥራችን ይዞን ሄደ እንጂ። ቄሱ አማተቡ። የኔም እጅ ሳላዝዘው አማተበ።

ባለቤቴ እጇን ውኃው ውስጥ አስገባች።

«ዓባይ ይሄ ነው?» አለችኝ። «ገና ቁጣ አልለመደም እኮ።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ለውኃው አንድ ነገር ተናገረች። የወንድሟን ስም ሰማሁ፤ ሌላውን አልሰማሁም።

እንግዲህ በዚያ ቀን የቻልሁትን ልቁጠር። ሕዝብን ከፀሐይ አውጥቼ በጥላ አሰልፌአለሁ። የተበጠሰ ሰልፍ ቀጥያለሁ። ጠብመንጃ ካነገተ ሰው ጋር ተከራክሬ በሰላም ገብቻለሁ። ብቻዬን ቅደም ስባል አልቀደምሁም። በዚህ እግሬ ጣና ላይ ወጥቼ፣ ሳልገለብጥ ተመልሻለሁ። ስለ ግዮን ከቄስ ጋር ተከራክሬ ተረትቻለሁ፤ ይህንንም እቆጥረዋለሁ፣ ምክንያቱም ጀልባው ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። የባለቤቴን ልብ እሷ እስካረፈችበት ቀን ድረስ ለማንም አልተናገርሁም። ለውኃው የነገረችው ምን እንደሆነም፣ ብዙ ማወቅ የምወድ ሰው ሆኜ፣ አልጠየቅኋትም።